ሽቅብ የምትሄድ ሰሊጥ

ገንዳ ውሃ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብለው ከተደረደሩት የሰሊጥ መጋዘኖች በአንዱ፣ ለቃሚዎቹ ሴቶች “እስክስታ” የሚል ስም ያወጡላት ማሽን አለች። የብረት ጠረጴዛ ናት፤ በአንድ ወገን ከፍ፣ በሌላው ወገን ዝቅ ተደርጋ የተተከለች። ሞተሩ ሲነሣ ትከሻዋን ማርገፍገፍ ትጀምራለች። ሰሊጡ ከላይ ይፈስባታል፤ እሷም እያንቀጠቀጠች ቁልቁል ትሰደዋለች። ጠጠሩና አፈሩ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ንጹሑ ሰሊጥ ከታች በተወጠረው ጆንያ ውስጥ ይገባል።

ጸዳለ የምትቆመው በታችኛው ጠርዝ አጠገብ ነው። ሥራዋ ማሽኗ ያለፈችውን መልቀም ነው፤ የገለባ ስባሪ፣ የጠቆረ ፍሬ፣ አንዳንዴም የጥንዚዛ ክንፍ። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ስትቆም ከፊቷ የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው። እነዚያ ዓይኖች ደግሞ ከገለባው ሌላ አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ሁሉም ፍሬ ቁልቁል ሲወርድ፣ አልፎ አልፎ አንዲት ፍሬ ትነጠልና ሽቅብ ትሄዳለች። ጣት ያህል ትወጣለች፤ የረሳችው ዕቃ ትዝ እንዳላት ሰው ቆም ትላለች፤ ከዚያ ጎርፉ ይዟት ይወርዳል። ጸዳለ ያችን ፍሬ ካየች ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሏት ትውላለች።

አጠገቧ የምትቆመው ሃይሚ ይህን ዐመሏን ታውቃለች።

“ጸዱ! ዛሬስ የሸፈተች አለች?” ትላታለች በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮኸች።

“አንዲት ሸፍታ ነበር። ተያዘች።”

“እግዜር ያስፈታት!”

ሳቃቸው ነጠላቸው ውስጥ ይቀራል።

ጸዳለ የቆላ ተወላጅ አይደለችም። ከደንቢያ የወረደችው ገና ልጅ ሳለች፣ ለአጨዳ ሠራተኞች ወጥ የምትሠራ እናቷን ተከትላ ነው። ሰሊጥ እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ አይታገሥም። ፍሬውን የያዘው ቆባ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ የረገፈ ሰሊጥን ደግሞ ማንም መልሶ አይለቅመውም። ስለዚህ ገና አረንጓዴ ሳለ ይታጨዳል፤ ነዶው ሂላ በሚሉት ክምር ቀጥ ተደርጎ ይቆምና ይደርቃል፤ ሲደርቅ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ጸዳለ አዛናውን ያወቀችው ከአንድ ሂላ ጥላ ሥር ነው። የትራክተር መካኒክ ረዳት ነበር፤ እስከ ክርኑ ግራሶ ተቀብቶ ውኃ ሊለምን መጣ። ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስላት አምስቱም ጣቶቹ በጥቁር ታትመውበት ቀሩ። እናቷ ጣሳውን አይታ፣

“አንች ልጅ፣ ያጠጣሽው ሰው ነው ትራክተር?” ብላ ተቆጣች።

ያ ጣሳ በአሸዋ ቢፈተግም አልለቅ ብሎ እስከ ሠርጓቸው ቆየ።

አዛናው ኋላ ራሱ ዋና መካኒክ ሆነ። ክረምቱ ሲቃረብ በመተማ ዮሐንስ በኩል ተሻግሮ፣ ገላባትን አልፎ፣ ከገዳሪፍም ወዲያ አብዱረሕማን የሚባል ባለ ብዙ መሬት ሰው ዘንድ ይሠራ ነበር። አብዱረሕማን ትራክተሮቹን ከአዛናው በቀር ሌላ ሰው እንዲነካበት አይፈልግም። “የኔ ማሽን የሐበሻ እጅ ለምዷል” ይል ነበር አሉ። አዛናው በየዓመቱ ይሄዳል፤ በየዓመቱም ለጸዳለ ሽቱ፣ ለልጁ ለየትናየት የፕላስቲክ ጫማ ይዞ ይመለሳል። መሄዱና መመለሱ እንደ ዝናቡ ወቅቱን የሚያውቅ ነበርና ጸዳለ የናፍቆትን ልክ ታውቀው ነበር፤ ማሽላው ሲዘራ ይጀምራል፣ ማሽላው ሲያሸት ያልቃል።

የካርቱም ጦርነት የተነሣ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሕዝቡ ሁሉ ከሱዳን ወደዚህ መፍሰስ ጀመረ፤ ሱዳኑም፣ ኤርትራዊውም፣ እዚያ ኑሮ የነበረው የእኛም ሰው። በዚያ ሁሉ መካከል አዛናው ሻንጣውን አነሣ።

“ሰው ሁሉ ከሚሸሽበት አንተ ትገባለህ?” አለችው።

“ጦርነቱ ካርቱም ነው። አብዱረሕማን ዘንድ ዝናቡ እየመጣ ነው። ቃል ገብቼለታለሁ። አርሰን እንደ ጨረስን መጣሁ።”

እሷና የትናየት እስከ ድንበሩ ሸኙት። ከዚያ በኋላ፣ ክረምቱ ካለፈም ወዲያ፣ ይደውል ነበር፤ መንገዱ ጸጥ ሲል እመጣለሁ ይላት ነበር። በቀጣዩ ክረምት ጦርነቱ እሱ ወዳለበት አገር ደረሰ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ድምፁ እየተቆራረጠ፣ “ትራክተሮቹን ጫካ ውስጥ እየደበቅን ነው” አላት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም።

ጸዳለ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ ወደ መተማ ዮሐንስ ትሄድ ነበር። በመሻገሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሉባባ በርጩማ ታቀርብላታለች። ሉባባ ብዙ አትጠይቅም።

“ተማም?” ትላታለች በዐረብኛ፤ ደኅና ነሽ ወይ ማለቷ ነው።

“ተማም” ትላለች ጸዳለ።

ከዚያ ሁለቱም የሚመጣውን ሰው ይመለከታሉ። በመጀመሪያ ሰዉ እንደ ጎርፍ ነበር። እያደር ሳሳ፤ ከዚያም ነጠብጣብ ሆነ። ጸዳለ ለእያንዳንዱ የአዛናውን መልክ ታስረዳለች፤ ግራ ጆሮው ጫፏ ተቆርጣለች፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል፣ ሲራመድ ቀኝ ትከሻው ይቀድማል። አንዳንዱ እያዘነላት ቆሞ ይሰማታል፤ አንዳንዱ የራሱ ሐዘን ስለበዛበት ዝም ብሎ ያልፋል። አየሁት ያለ ሰው ግን የለም። ሞቷል ያለም የለም።

አንድ ማክሰኞ፣ ጸዳለ ከሥራ ስትመለስ፣ የአዛናው ታናሽ ወንድም ባየልኝ በሯ ላይ ቆሞ አገኘችው። ከኮኪት የመጣ ነው፤ እዚያ ከእናቱ ከወይዘሮ መነን ጋር እየኖረ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳል። ግማሽ ጆንያ ማሽላ ተሸክሞላት መጥቷል። ገብቶ ተቀመጠ። ውኃ ሰጠችው። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠርዙን በጣቶቹ ያዞረው ጀመር። ከባድ ነገር ይዞ እንደመጣ ከባርኔጣው አወቀች።

“እማ ደክማለች” አለ። “ዓይኗም አሁን የሚያየው ጥላ ብቻ ነው።”

“እግዜር ይማራቸው። ምነው ሳትነግሩኝ?”

“ሕመም አይደለም፣ እርጅና ነው። ግን አንድ ነገር ይዛለች። ‘ልጄን ሳላለቅስለት እንዳትቀብሩኝ’ ትላለች።”

ጸዳለ የያዘችውን ጣሳ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

“መርዶ መጣ ወይ?”

“አልመጣም።”

“መርዶ ሳይመጣ ማን ያለቅሳል?”

“ነጋሪውስ ከየት ይምጣ ጸዳለ? መርዶ የሚያመጣው ሰው አብሮት ጠፍቶ ቢሆንስ? እማ እሱን ነው የምትለው። እኔ ደግሞ ምን ልበላት? ጠብቂ ልበላት? ለመጠበቅ ዕድሜ ያስፈልጋል።”

ይህን ብሎ ባርኔጣውን እንደገና ማዞር ያዘ። ጸዳለ ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም። ባየልኝ ክፉ ሰው አይደለም። ስልኩ በጠፋ በመጀመሪያው ዓመት በሬዎቹን ለጎረቤት ጥሎ እስከ ገዳሪፍ ወንድሙን ሊፈልግ የሄደ እሱ ነው።

“ልብሱን ስጪን” አለ በመጨረሻ። “እሑድ ልቅሶ እንቀመጣለን። ያች ሰማያዊ ቱታው አለችሽ አይደል?”

አስከሬን የሌለው ልቅሶ በልብስ ይለቀሳል። የሰውየው ልብስ አልጋ ላይ ይዘረጋል፤ ባርኔጣ ካለው በራስጌ፣ ጫማ ካለው በግርጌ ይቀመጣል፤ ዘመድ በዚያ ዙሪያ ያለቅሳል። ልብሱን የምትሰጠው ሚስት ናት። ሚስት ልብሱን አውጥታ ሰጠች ማለት ባሏ ሞቷል አለች ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቃሏን ልታጥፍ አትችልም። ጸዳለም ባየልኝም ይህን ያውቃሉ።

“እስከ እሑድ ላስብበት” አለችው።

በማግስቱ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ጸዳለ የጠፍር አልጋዋን ከኒሙ ዛፍ ሥር አውጥታ ተቀምጣ ነበር። በዚያ የሙቀት ወራት ገንዳ ውሃ ላይ ቤት ውስጥ መቀመጥ የነደደ ምድጃ ውስጥ እንደመቀመጥ ነው። የትናየት ከትምህርት ቤት ገብታ፣ እግሯን ታጥባ አጠገቧ ተቀመጠች። ፊዚክስ ታስተምራለች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር መንገዱ ተዘግቶ ቤት ከቀረች ወዲህ የምርምር ሥራዋን የምትሠራው በስልኳና በትዕግሥቷ ነው። ባለፈው ሳምንት የመጋዘኑን ኃላፊ አስፈቅዳ የእስክስታን ጠረጴዛ ስትቀርጽ ውላ ነበር፤ ሃይሚም “ልጅሽ ማሽኗን ልትድራት ነው ወይ?” ብላ አስቃቸው ነበር።

“እማዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ” አለች የትናየት። “አንዷን ፊልም ወደፊት፣ አንዷን ወደኋላ ነው የማስኬዳት። የትኛዋ እውነተኛ እንደሆነች ንገሪኝ።”

በስልኩ ላይ አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ለዓይን ቅጽበት ያህል ተንቀጠቀጠች። ቀጥሎም ሌላዋ። ጸዳለ ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው።

“የመጀመሪያዋ።”

“ተሳሳትሽ። ያች ወደኋላ የሄደችው ናት። አታፍሪ፤ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። አሁን ደግሞ ይችን እይ።”

በዚህኛው ጠረጴዛዋ በሙሉ ትታያለች። ሰሊጡ ከጆንያው አፍ እየተተፋ ይወጣል፤ ጠረጴዛዋን እንደ ጉንዳን ሰልፍ ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይኛው ጠርዝ ዘሎ ወደ ፈሰሰበት ቋት ይገባል። ጸዳለ አፏን ይዛ ሳቀች።

“ኧረ በስመ አብ! ይኸማ ውሸት ነው!”

“እንዴት አወቅሽ?”

“ጆንያ ሰሊጥ ይተፋል እንዴ?”

“እሱ ነው የኔ ጥናት” አለች የትናየት፤ ፊቷ በራ። “ፍሬዋ አንድ፣ ጊዜውም አጭር ከሆነ ፊትና ኋላው አይለይም። ፍሬው ሲበዛ፣ ጊዜውም ሲረዝም ግን ሕፃን ልጅ እንኳ ይለየዋል። ማሽኗ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ሙቀት ሆኖ የሚባክን፣ የማይመለስ ነገር አለ። ኢንትሮፒ የሚሉት የዚያ መለኪያ ነው፤ ሁልጊዜ ይጨምራል ብለን እናስተምራለን። ነገር ግን በጥቂት ፍሬ ላይ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ወደኋላ የሚሄድበት አጋጣሚ አለ። ያች ሸፈተች የምትሏት ፍሬ።”

“ሕጉ ፈረሰ ማለት ነው?”

“አልፈረሰም። እንዲህ ያለው ነገር በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ የሚናገር ሕግ አለ። ጣት ያህል የምትወጣው ከአሥር አንዷ ናት እንበል። ሁለት ጣት የምትወጣው ከመቶ አንዷ ትሆናለች። ሦስት ጣት ከሺህ አንዷ። መንገዱ አንድ ጣት በጨመረ ቁጥር ዕድሉ ባሥር እጅ ይመነምናል።”

ጸዳለ ጥቂት አሰበች። “እስከ ላይኛው ጠርዝ የምትደርሰውስ?”

“አይ እማዬ፤ እሷማ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እስክስታ ሳታርፍ ብትሠራም ላትታይ ትችላለች።”

“የለችም ማለት ነው?”

“የለችም አይባልም። ዜሮ አይደለም።”

የትናየት ይህን በመምህርነት ድምፅዋ ከተናገረች በኋላ የእናቷን ፊት አየችና ደነገጠች።

“እማዬ፣ እኔ ስለ ሰሊጥ ነው የማወራው።”

“እኔስ ስለ ምን አወራሁ?”

ከጎረቤት ግቢ የአንድ ባጃጅ ሞተር አልነሣ ብሎ ያስላል።

“ሞተሩ ቢጠፋስ?” አለች ጸዳለ።

“ሞተሩ ከጠፋ የሚወርድም የሚወጣም የለም። ሁሉም ባለበት ይቀራል።”

“እንግዲያ የሚያወርዳትም የሚያወጣትም ያው መንቀጥቀጡ ነዋ።”

“ነው። ያው ነው።”

ጸዳለ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ፣ “አባትሽን የሸኘን ዕለት የቀረጽሽው አለሽ አይደል? እሱን ወደኋላ አስኪጅልኝ” አለች።

“ይቅርብሽ።”

“አስኪጅልኝ አልሁሽ።”

የትናየት እምቢ ማለት አልቻለችም። ስልኩን፣ እንዳይፈስ እንደሚፈሩለት ውኃ፣ ሁለቱም በእጆቻቸው በጥንቃቄ ያዙት። መሻገሪያው ታየ። አዛናው በሩቁ ትንሽ ነው፤ ጀርባው ብቻ ይታያል። ጀርባው ይመጣ ጀመር። ቀኝ ትከሻው ሳይሆን ግራው እየቀደመ፣ ሻንጣው እየጎላ፣ የኮቱ ስፌት እየለየ ይመጣል። አቧራው ከአየር እየተሰበሰበ ወደ እግሩ ሥር ይገባል፤ የረገጠው መሬት ሁሉ ሳይረገጥ ይቀራል። መጣ፣ መጣ፣ ቀረበ፤ ከዚያ ዞር አለ፤ ፊቱ ታየ፤ እጁ ለስንብት ተነሣ፤ ሰላም የሚላት መሰለ።

“ድገሚው” አለች።

ፊልሙ ሁለተኛ ጊዜ ሲሄድ ግን ዓይኗ ከአዛናው ላይ ተንሸራተተ። በዙሪያው ያሉትን አየች። ያን ዕለት ወደዚህ ሲመጡ የነበሩት ሁሉ የኋሊት እየተራመዱ ወደ ሱዳን ይመለሳሉ። ፍራሽ በራሷ የተሸከመች ሴት። አሮጊት እናቱን ያዘለ ጎልማሳ። ቢጫ ጀሪካን የያዘች ልጅ፤ ጸዳለ ያን ዕለት ውኃ የሞላችላት፤ የኋሊት እየሄደች፣ እያነሰች፣ እያነሰች ጠፋች። አዛናው ብቻውን ወደዚህ ሲመጣ እነሱ ሁሉ ወደ እሳቱ ገቡ።

“ለእሱ ብቻ አይሆንም ወይ?” አለች።

“አይሆንም እማዬ። አብረው ነው የተቀረጹት።”

“በቃ። አጥፊው።”

ጨለማው ሲመጣ ትንኝ አስነሥቷቸው ወደ ቤት ገቡ። ጸዳለ የመብራቱን ማብሪያ እንደያዘች ቆማ፣ “እሑድ ልብሱን እኔው እወስደዋለሁ” አለች።

“ጥቁር ልትለብሽ?”

“አልለብስም። ለኔ ጣት ያህልም ይበቃኛል፤ እሱን ይዤ እቀመጣለሁ። አያትሽ ግን ቀን የላቸውም። እሳቸውን ከልቅሷቸው የምከለክል እኔ ማን ነኝ?”

እሑድ ረፋዱ ላይ እናትና ልጅ ኮኪት ደረሱ። በባየልኝ ግቢ የሰሊጡ ማራገፊያ ሸራ በአራት እንጨት ተወጥሮ ድንኳን ሆኗል። ጥላው ሥር ሰው ተቀምጧል፤ ንፍሮ በሰፌድ ይዞራል። በመካከል አልጋ ወጥቷል፤ ነጭ አንሶላ ለብሷል፤ ባዶ ነው። ከአልጋው ራስጌ ወይዘሮ መነን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ድሮ ሰፊ የነበሩት ሴት አሁን በነጠላቸው ውስጥ እንደ ልጅ አንሰዋል። አጠገባቸው አልቃሿ አሰፋች ቆማለች፤ ግጥሟን ተዘጋጅታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ።

ጸዳለ ጎንበስ ብላ የአማቷን ጉልበት ሳመች።

“ጸዳለ ነሽ?”

“ነኝ እማምዬ።”

“ይዘሽው መጣሽ?”

“ይዤው መጣሁ።”

ቱታውን ከፌስታሉ አወጣችው። አልጋው ላይ ዘረጋችው፤ እጅጌዎቹን ወደ ግራና ቀኝ፣ እግሮቹን ወደ ታች። አንገትጌውን ስታስተካክል ጣቶቿ ቆዩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለልቅሶ አዘቀዘቁ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ የሚቀረው የእናትየዋ የመጀመሪያ ጩኸት ነው። አሰፋች አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

ወይዘሮ መነን እጃቸውን ዘርግተው ልብሱን ዳበሱ። ኪሱን ዳበሱ፣ ቁልፉን ዳበሱ። ከዚያ ዝቅ ብለው ፊታቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ። አሸተቱ። ቀና አሉ። እንደገና ዝቅ ብለው አሸተቱ።

“ይኸ ምንድን ነው?”

“የአዛናው ቱታ ነው እማምዬ።”

“የአዛናው ቱታ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። የኔ ልጅ ቤት ሳይገባ ሽታው ይገባ ነበር። ይኸ የሳሙና ነገር ነው።”

ጸዳለ ፊቷ ጋለ። በሰው ሁሉ ፊት፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ፣ “አጥቤው ነው” አለች።

“መቼ አጠብሽው?”

“በየበዓሉ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካም። ሲመጣ ንጹሕ ሆኖ እንዲያገኘው ብዬ።”

የአሮጊቷ እጅ ልብሱ ላይ እንዳለ ቆመ።

“ሲመጣ?”

“ሲመጣ፣ እማምዬ።”

ወይዘሮ መነን የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደ ሰዉ አዞሩ። “ሰምታችኋል?” አሉ። “ለሞተ ሰው በየበዓሉ ልብስ ይታጠባል ወይ? ሚስቱ ልብስ የምታጥብለትን ሰው ነው አልቅሽለት የምትሉኝ?”

“እማ!” አለ ባየልኝ። “ማን አልቅሽ አለሽ? አንች አይደለሽ ያልሽው? ሰው እኮ ተሰብስቧል!”

“ሰው ከተሰበሰበ ይብላ። እኔ በሳሙና ላይ አላለቅስም።”

“እኔስ እትዬ መነን?” አለች አሰፋች፤ እስከ አሁን የከፈተችውን አፏን በምን እንደምትዘጋው ጨንቋት። “ይኸን ሁሉ ግጥም ይዤ ምን ልሁን?”

“ለኔ አቆይው። እኔ ብዙ አላስጠብቅሽም።”

አንድ ሽማግሌ ሳቁን መያዝ አቃተው። ከእሱ ወደ ሌላው ተላለፈ፤ በነጠላ ውስጥ፣ በመዳፍ ውስጥ፣ ሳቅ በማይሳቅበት ቦታ ሁሉም ሳቀ። ንፍሮው እንደገና ዞረ። አንዱ ስለ አዛናው ተረት ጀመረ፤ ናፍጣ በአፉ እንደሚስብ፣ ሞተር የታመመበትን ቦታ ጆሮውን አስጠግቶ እንደሚያገኘው። ማንም ሳያዝዘው ሁሉም “ይስባል፣ ያገኘዋል” ይል ጀመር፤ “ይስብ ነበር” ያለ አልነበረም። ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን ከልቅሶ አለባበስ ፈትተው አስተካከሉ። ባየልኝ ብቻውን ቆሞ፣ ባዶ እጁን እያየ፣ ያዘነም የተገላገለም ይመስል ነበር።

ጸዳለ በአማቷ እግር ሥር ተቀምጣ ይህን ሁሉ ሰማች። ሁኔታው እስከ ማታ እንኳ ላይዘልቅ እንደሚችል አላጣችውም። ነገ ጧት አሮጊቷ ሲነቁ ተስፋቸው ትራሳቸው ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ባየልኝን ጠርተው ልጄን አልቅሱልኝ ሊሉት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ልብስ እንኳ አይጠይቁም ይሆናል። ስልኩም አይጠራም። ድንበሩ ላይም ሰው የለም። ሆኖም አሁን፣ በዚች ሸራ ጥላ ሥር፣ ይህ ሁሉ ሰው አዛናውን እንደ ሕያው ሰው ያወራዋል፤ ያማዋል፣ ይስቅበታል። ከሄደ ወዲህ ስሙ እንዲህ ሲጠራ ሰምታ አታውቅም። ቤቷ ውስጥ ስሙን የሚጠራው ሰው እየቀነሰ፣ እሷም ልጇን ላለማስከፋት እየዋጠችው ኖራለች።

ቱታውን ልታጥፈው ተነሣች። አንዱን እጅጌ አጠፈች፤ ሁለተኛውን ስትይዝ እጅጌው ወደ እሷ እንደተዘረጋ ሆኖ ታያት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም መጀመሪያ፤ ትከሻዋ ብቻ ነበር። ኋላ ግን ወጣ፤ ዓመታቱን ሁሉ አጠራቅማ የያዘችው ወጣ። ተረቱ ተቋረጠ። የትናየት ልትይዛት ተነሣች። ሴቶቹ ያስተካከሉትን ነጠላ መልሰው ሊያዘቀዝቁ እጃቸውን ሲሰዱ፣ አሰፋችም ተራዋ የደረሰ መስሏት ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ ወይዘሮ መነን ሰሙ።

“ተዉ!” አሉ። “ነጠላችሁን እንዳትነኩ። ተቀመጡ።”

“ኧረ እሷ እያለቀሰች እኮ ነው እማ” አለ ባየልኝ።

አሮጊቷ በዳበሳ የጸዳለን ራስ አገኙት። ሻሿን አስለቀቁና መዳፋቸውን ጸጉሯ ላይ አሳረፉ።

“ታልቅስ” አሉ። “ናፍቋት ነው።”